በልጅ የመጣች ጣውንት

ጥቅምት 9

ለተከበሩ የልጄ አማካሪ፣

ጤና ይስጥልኝ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። አባቷም፣ ታናሽ ወንድሟም ደህና ናቸው።

ደጋግመው ደውለው ስልክ ስላላነሳሁ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ሥራዬ ሆቴል ውስጥ ልብስ መተኮስ ነው። መተኮሻ ክፍላችን ምድር ቤት ነው፤ ማጠቢያ ማሽኖቹ ሲሽከረከሩ ሰው ጆሮዬ ሥር ቢጮህ አልሰማም። ደግሞ እውነቱን ልንገርዎትና የስልክ ወሬ አይሆንልኝም። ስናደድ እዘጋለሁ፤ ከዘጋሁ በኋላ ደግሞ ካልኩት ይልቅ ያላልኩት ነው የሚቆጨኝ። ወረቀት ይሻለኛል። እስከ ስምንተኛ ክፍል ተምሬያለሁ፤ ጽሕፈቴ ይነበባል።

በወላጆች ቀን ለምን እንዳልመጣሁ ጠይቀውኛል። ልጄ "እማዬ፣ መንገዱ ሩቅ ነው፤ ፈቃድም አይሰጡሽም፤ ብዙ ሰውም አይመጣም" አለችኝ። አመንኳት። በኋላ ፎቶ ላከችልኝ። አዳራሹ ጢም ብሏል። እናቶቹ ሁሉ ያላቸውን ለብሰው፣ ፀጉራቸውን ተሠርተው፣ ከልጆቻቸው ጎን ተደርድረዋል። ከእኔ ልጅ አጠገብ፣ "ወላጅ" የሚል ወረቀት የተለጠፈበት ወንበር ላይ፣ እርስዎ ተቀምጠዋል። እጅዎን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርገዋል።

አባቷ ፎቶውን አይቶ "ጥሩ ሰው ትመስላለች" አለ። "አዎ፣ ትመስላለች" አልኩት።

ብቻዋን እንዳትሆን አስበው ነው፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ግን ወንበሩ ባዶ ቢቀር ምን ነበረበት? ባዶም ቢሆን እኮ የእኔ ነው።

ያለበሷትንም ካፖርት አይቻለሁ። ያምራል። ልጄ ሹራብ አላት፤ ከመሄዷ በፊት እኔው ነኝ የገዛሁላት። ሹራቡን የት አደረግሽው ስላት "አለ" አለችኝ። "አለ" የሚባል መልስ እኔ ቤት አልተማረችም።

በቤታችን ኮሌጅ የረገጠ ሰው የለም። እዚያ የሚጠየቀው ወረቀት ሁሉ ለእኔ ድንግዝግዝ ነው። ቅጹን አስሞልተው፣ ማደሪያ አስይዘው፣ የምግብ ካርድ አሰጥተው ያስገቡልኝ እርስዎ ነዎት፤ ይህን ብክድ ዓይኔ ይጥፋ። ውለታውን ግን ረጋ እያሉ ቢያደርጉልኝ ደስ ይለኛል፤ እኔም እንድደርስበት።

የልጅቷ እናት

ጥቅምት 21

ለተከበሩ እናት፣

ደብዳቤዎ ሰኞ ደረሰኝ። ተቀምጬ አነበብኩት፤ ተነሥቼ ደግሜ አነበብኩት።

ስለ ወንበሩ በጣም ይቅርታ። እኔ ከኋላ ነበርኩ። ጎኗ ያለው ወንበር ባዶውን ሲቀር ዞራ ፈለገችኝና "ተቀመጪልኝ" አለችኝ። እምቢ ማለት ነበረብኝ። እውነቱን ለመናገር ግን እምቢ ማለት ትዝም አላለኝ።

ካፖርቱን አልገዛሁትም። ተመርቀው የሄዱ ልጆች ለተከታዮቻቸው የሚተዉት ልብስ ቢሯችን ውስጥ አለ፤ ከዚያ ነው። ሹራቡን ከሥር ትለብሰዋለች፤ ዛሬም ለብሳው ነበር።

በልጅዎ በኩል "ይቺ ሴትዮ ሥራዋ በትክክል ምንድን ነው?" ብለው ጠይቀዋል። ተገቢ ጥያቄ ነው። ከቤታቸው የመጀመሪያ ሆነው ኮሌጅ የገቡና ቤተሰባቸው እጅ ያጠረው ልጆች ወደ እኔ ይላካሉ። የመምህር ቢሮ እንዴት እንደሚንኳኳ፣ አስጠኚ የት እንደሚገኝ፣ "አልገባኝም" ማለት ነውር አለመሆኑን አሳያቸዋለሁ። ሌሎቹ ልጆች ይህን እራት ላይ ከእናት ከአባታቸው እየሰሙ ነው ያደጉት። የእኔዎቹ ግን ሁሉም ሰው አስቀድሞ የተነገረው፣ እነሱ ብቻ የቀሩ ይመስላቸዋል። እኔም አንድ ጊዜ እንደነሱ ነበርኩ፤ ስለዚህ ፊታቸውን ሳይ አውቀዋለሁ።

ድንቡሼ ጎበዝ ናት። የሚያሳስበኝ ምግቧ ነው። እሑድ እሑድ እኔ ቤት እየመጣች ታጠናለች፤ የሠራሁትን በሹካ ስታንቀሳቅሰው ትውላለች እንጂ አትበላም። ቤትም እንዲህ ነበረች? ምን ብሠራላት ትበላልኛለች?

አክባሪዎ
አማካሪዋ

ኅዳር 5

ለተከበሩ የልጄ አማካሪ፣

እንደምን ሰነበቱ። እኛ ደህና ነን።

"ድንቡሼ" ብለው ጽፈዋል። ያንን ስም ማን ነገረዎት? ያ የቤት ስም ነው። ሕፃን ሳለች ጉንጮቿ አንገቷን ሸፍነውት አባቷ ያወጣላት ነው። ዛሬ እንደ ክር ቀጥናም ለእኛ ድንቡሼ ናት። ጎረቤት እንኳ አያውቀውም። እርስዎ ዘንድ መዝገብ ላይ የተጻፈ ስም አላት፤ በእሱ ይጥሯት።

ሌላም ነገር። "ተቀመጪልኝ አለችኝ" ብለዋል። "ይቀመጡልኝ" ለማለት ፈልገው ነው ወይስ ልጄ በእውነት "አንቺ" ትልዎታለች? በእጃቸው ያሳደጓትን የጎረቤታችንን እናት እስከ ዛሬ "እርስዎ" ነው የምትላቸው። ይህንን እንዲመልሱልኝ እፈልጋለሁ።

በሳምንት ሁለቴ ትደውልልኛለች። "እሷ እንዲህ አለችኝ፤ እሷ ወሰደችኝ፤ እሷ አሳየችኝ።" ስምም ማዕረግም የለም፤ "እሷ" ብቻ። ሰው "እሷ" ተብሎ ብቻ የሚታወቅበት ቤት ውስጥ ምን ያህል እንደገባ ይገባዎታል ብዬ አስባለሁ።

አባቷ ጎሚስታ ነው፤ ጎማ ይጠግናል። ደብዳቤዎን ሳነብለት ከት ብሎ ሳቀ። "እኔ ያላመጣሁብሽ ጣውንት በልጅሽ መጣችብሽ" አለኝ። እሱ ሁሉ ነገር ያስቀዋል፤ ለደንበኞቹም "ሚስቴ ተኳሽ ናት፣ ተጠንቀቁ" እያለ ነው የሚኖር። እኔ ግን አልሳቅሁም።

ፈተናዋ እንዴት ነው? ስጠይቃት "ደህና ነው" ብላ ወሬ ትቀይራለች። ዶክተር ነው የምትሆነው። ሆቴሉ ውስጥ ከዘበኛው ጀምሮ ሁሉም ያውቃል፤ አለቃዬ እንኳ ስትጠራኝ "የዶክተሯ እናት" ነው የምትለኝ። ለእኔ ያልተነገረኝ ነገር ለእርስዎ ተነግሮ ይሆናል።

ምን ብሠራላት ትበላለች ላሉት፦ ምንም። እኔ ስሠራ ትበላለች።

የልጅቷ እናት

ይህንን ከፈረምኩ በኋላ ነው የጨመርኩት። ሾርባ ትወዳለች። ካሮት አይግባበት፤ እየለቀመች ስታወጣ ይቀዘቅዝባታል።

ታኅሣሥ 3

ለተከበሩ እናት፣

የቤት ስሟን በመጥራቴ ይቅርታ። ራሷ ናት የነገረችኝ፤ እየሳቀች ነው የነገረችኝ። ከእንግዲህ ከአፌ አይወጣም።

አዎ፣ "አንቺ" ትለኛለች። በይኝ አላልኳትም። አንድ ቀን አመለጣት፤ ደነገጠች፤ እኔም ያልሰማሁ መሰልኩ። በማግሥቱ ደገመችው። ላርማት እችል ነበር። አላረምኳትም።

የፈተናዋን ነገር እሷ ራሷ ብትነግርዎት ይሻላል። ሥራዬ ደንብ አለው፤ ተማሪ ሳይፈቅድ ስለ ውጤቱ ለማንም፣ ለወላጅም ቢሆን አልናገርም። ይህን በክፉ እንዳይተረጉሙብኝ።

እኔን ደስ ያላለኝን አንድ ነገር ግን ልንገርዎት፤ እርስዎን ደስ ይልዎት ይሆናል። ባለፈው ሳምንት ትኩሳት ያዛት። ወደ ቤቴ አምጥቼ ሶፋው ላይ አስተኛኋት፤ ሾርባ ሠራሁ። ከሰዓት በኋላ ፀሐዩ በመስኮት ገብቶ ፊቷ ላይ አርፎ፣ መጋረጃውን ልዘጋ ስነሣ "እማዬ" አለች። በእንቅልፏ ነው። እኔ ምን እንደነካኝ አላውቅም፤ "አቤት" አልኩ።

ዓይኗን ገለጥ አድርጋ አየችኝና "አንቺን አይደለም" አለችኝ። ከዚያ ወደ ግድግዳው ዞረች።

ሾርባውን ከደንኩት። ካሮት አልነበረበትም።

ልጅ የለኝም። በየዓመቱ የሰው ልጆች ይመጡልኛል፤ ይጨነቃሉ፣ ይለምዳሉ፣ ይመረቃሉ፣ አብረን ፎቶ እንነሣለን፤ ከዚያ ይሄዳሉ። እንደዚህች ልጅ እናቷን ከአፏ የማታወርድ ግን አጋጥሞኝ አያውቅም። ምንም ነገር ባደርግ "እማዬ ብትሆን እንዲህ ታደርገው ነበር" ትለኛለች። እርስዎ በእኔ ቀንተው ከሆነ ብቻዎን አይደሉም። እኔ ደግሞ አይቻት በማላውቅ፣ ምድር ቤት ቆማ ልብስ በምትተኩስ ሴት እቀናለሁ።

አማካሪዋ

ታኅሣሥ 17

ለተከበሩ የልጄ አማካሪ፣

ታማ ነበር ማለት ነው?

አንድ ሳምንት ሙሉ አልፎ፣ ትኩሳቱ በርዶ፣ ሾርባው ተበልቶ፣ ለእኔ በፖስታ ይነገረኛል። ያኔ ሁለቴ ደውላልኛለች፤ "ድምፅሽ ምን ሆነ?" ብላት "ብርድ ነው" አለችኝ። ደንብ አለኝ ብለው ጽፈውልኛል። የእኔም ቤት ደንብ አለው፤ ልጅ ሲታመም እናት ትጠራለች።

"አንቺን አይደለም" ያለችዎትን ቦታ ደጋግሜ አነበብኩት። እንዲያዝኑብኝ አልፈልግም፤ ክፉ ሰው አይደለሁም። ግን ደጋግሜ አነበብኩት፤ ለአባቷም አነበብኩለት። እሱ አልሳቀም። "ምስኪን" አለ። ማንን እንደሆነ አልጠየቅሁትም።

ከእንግዲህ ስለ ልጄ እርስዎን የምጠይቅዎት ነገር የለም። የምፈልገውን ራሷን እጠይቃለሁ። እርስዎም ስለሷ ከእኔ የሚፈልጉት ካለ ራሷን ይጠይቁ።

ጤና ይስጥልኝ።

የልጅቷ እናት

የካቲት 3

ለተከበሩ የልጄ አማካሪ፣

አልጽፍም ብዬ ነበር። ይኸው ጻፍኩ።

የእረፍቷን ጊዜ እርስዎ ቤት እያሳለፈች ነው። እሷ በግልጽ አላለችኝም፤ "ዘንድሮ አልመጣም፣ እዚሁ እቆያለሁ" ነው ያለችኝ። "እዚሁ" ማለት የማን ቤት እንደሆነ ለማወቅ ኮሌጅ መግባት አያስፈልግም። ባለፈው ስትደውል ከጀርባዋ ማሽን ይንጓጓ ነበር። "ምንድን ነው?" ስላት "ልብስ ማጠቢያ ነው" አለችኝ። የደህና ሰው ቤት ማሽንም እንደዚያ ይጮሃል እንዴ ብዬ ለራሴ ሳቅሁ።

አልጋዋን አንጥፌላት ነበር። አንሶላውን ከሥራ መልስ ራሴ ተኩሼ፣ ትራሷን ፀሐይ ላይ አስጥቼ። ወንድሟ ስንት ጊዜ ልተኛበት ብሎ ከልክየዋለሁ። ትናንት ግን "ተኛበት" አልኩት። ልጁ እንኳ ፊቴን አይቶ እምቢ አለ።

እርስዎ ጋ እንደተመቻት አውቃለሁ። መጽሐፍ አለ፣ ጸጥታ አለ፣ የሚገባትን የሚያወራ ሰው አለ። እኔ ጋ ያለው እኔ ነኝ። ትምህርቱ መቼ እንደሚጀመር አላውቅም፤ ሳይጀመር ግን ለአንድ ሁለት ቀን ይላኩልኝ። ልለምንዎት አልፈልግም ነበር። እየለመንኩዎት ነው።

እናቷ

የካቲት 3

ለተከበሩ እናት፣

አልጽፍልዎትም ብዬ ብዙ ታገልኩ። ራሷን ይጠይቁ ስላሉኝ ከፍቶኝ ነበር።

ልጅዎ ለእረፍት ስትሄድ አልተሰናበተችኝም። በሬ ሥር ቁራጭ ወረቀት አስገብታ ነው የሄደችው፤ "እማዬ ጋ ነኝ፣ አታስቢ" ይላል። ቅር አለኝ። በሩን አንኳኩታ ብትሄድ ምን ነበረበት? ቢሆንም ዝም አልኩ። ልጅ እናቷ ቤት ስትቆይ አማካሪ ምን አገባት? ብደውል እንኳ "ደግሞ እረፍቷንም ልትወስድብኝ ነው" ይላሉ ብዬ ስልኩን አንሥቼ አስቀመጥኩት።

አሁን ግን ትምህርት ከተጀመረ ሳምንት ሆኖታል። ስልኳ ዝግ ነው። ስለ መንፈቁ ውጤቷ ምን ያህል እንደነገረችዎት አላውቅም። ተቆጥተዋት ከሆነ አይፈረድብዎትም። ብቻ በዚህ ምክንያት አያስቀሩብኝ። ጠግበዋታል፤ አሁን ይላኩልኝ፤ እባክዎ።

አማካሪዋ

መጋቢት 1

ለአንቺ፣

አንቺ እያልኩሽ ነው። ቅር ካለሽ ንገሪኝ። ግን ልጅቷን ፈልገን ስንመለስ አውቶቡሱ ውስጥ ያን ሁሉ መንገድ ትከሻዬ ላይ አንኮራፍተሽ፣ ምራቅሽ ሻርፔን ካረጠበው በኋላ "እርስዎ" በል ብለው አፌ አልታዘዝ አለኝ።

በደህና ገባሁ። አባቷ ሲያየኝ ውኃ ሰጠኝ። ብቻዬን መመለሴን አየ እንጂ አልጠየቀኝም።

ሁለቱ ደብዳቤዎቻችን መንገድ ላይ ተላልፈዋል። እኔ አንቺ ጋ ናት ብዬ ስቀና፣ አንቺ እኔ ጋ ናት ብለሽ ስትቀየሚ፣ ልጅቷ ማንም ጋ አልነበረችም። ደብዳቤሽን የከፈትኩት ሥራ ላይ ነው። "ይላኩልኝ" የሚለውን ሳየው ካውያው አንሶላው ላይ ነበር፤ የጭሱ ሽታ ነው የመለሰኝ። ካውያውን አስለቅቀው ማጠፊያ ላይ አቁመውኛል። ለእሷ እንዳትነግሪያት።

የማደሪያ ጓደኛዋን አፋጠሽ ባትይዢያት ኖሮ ተቀጥራ የገባችበት ብስኩት ፋብሪካ በየትኛው ከተማ እንዳለ እንኳ ባላወቅን። የጓደኛዋ አክስት ያስቀጠረቻት መሆኑን፣ ኬሚስትሪ መውደቋን፣ ሁሉንም ከባዕድ ልጅ አፍ ሰማን። ይህንን ለአንቺ አመሰግንሻለሁ። አሁንም ቢሆን መውደቋን አስቀድመሽ አውቀሽ ዝም በማለትሽ አልታረቅሁሽም፤ እሱ ለብቻው ነው።

የጠየቅሽኝን ልመልስ። አንቺ ውጭ ቆመሽ ሳለ ምን እንዳለችኝ ነው የጠየቅሽኝ።

በሩ ላይ "እርስዎ ይግቡ፤ እናቷ እርስዎ ነዎት" ብለሽ ስትቀሪ ገረመኝ። እገፋለሁ ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር። የምትገፊው ሰው ገለል ሲልልሽ ልትወድቂ ትደርሺያለሽ።

ሠራተኞች የሚያርፉባት ክፍል ውስጥ አገኘኋት። ነጭ ቆብ አድርጋ፣ ቅንድቧ ላይ ዱቄት ተነስንሶ፣ አግዳሚ ላይ ተቀምጣ እግሯን ታሻለች። ስታየኝ አልተነሣችም።

"ማን ነገራችሁ?" አለችኝ። "ሽ" አላለችም፤ "ችሁ" ነው ያለችው።

"ለምን አልነገርሽኝም?" አልኳት።

"ምኑን?"

"መውደቅሽን።"

"ለማን ልንገር እማዬ? አንቺ ስልክ ስታነሺ 'አቤት ዶክተሬ' ነው የምትይው። እሷ ደግሞ 'አንቺ ለሌሎቹ ምሳሌ ነሽ' ትለኛለች። የትኛችሁን ነው የማሳዝነው?"

"እሷ ታውቅ ነበር እኮ" አልኳት።

"ከመዝገብ አይታ እንጂ እኔ አልነገርኳትም። ስታውቅ ጊዜ ደግሞ እንደ በሽተኛ ታየኝ ጀመር።" ቆቧን አውልቃ ጉልበቷ ላይ አደረገችው። "እሷ ጋ ስስቅ አንቺ ትቆጥሪብኛለሽ። ስለ አንቺ ሳወራ የእሷ ፊት ይጠቁራል። ኬሚስትሪ ብቻ መሰለሽ የከበደኝ? እናንተን ማስታረቅ ሌላ ትምህርት ሆኖብኝ ነበር። እዚህ ብስኩት ካርቶን ውስጥ እከታለሁ፤ ማንም ብስኩቱን ለማን ብለሽ ነው አይለኝም።"

"ነይ ቤት እንሂድ" አልኳት። "አልሄድም" አለችኝ። "እሺ ኮሌጅስ?" ስላት "አላውቅም፤ አትጠይቂኝ" አለች። ከዚያ ቀና ብላ "እሷም መጥታለች?" አለችኝ።

"አዎ፣ ውጭ ናት።"

"ብርዱ ላይ?"

እንግዲህ ይህንን ለማንም አልናገርም፤ ለአንቺ ግን ልንገርሽ። ልጄን ፈልጌ፣ በሕይወት አግኝቼ፣ ፊት ለፊቴ ተቀምጣ፣ "ብርዱ ላይ?" ስትል ቀናሁ። እዚያው ቆሜ ቀናሁ። እኔ የገባሁበት ክፍል ሞቃት ስለሆነ የእኔን ብርድ አልጠየቀችኝም።

አሁን ተራው ያንቺ ነው። በር ድረስ ስትሸኘን እኔን ጉንጬን ሳመችና አንቺን አቀፈችሽ። ጆሮሽ ላይ የሆነ ነገር አለችሽ። አንቺም ፊትሽን አዞርሽ። ምን አለችሽ? እኔ የእኔን አልደበቅሁሽም።

ከመጣችልሽ ያን ቀኑን ጻፊልኝ። ወይም ደውይ፤ ለዚህስ አነሣለሁ።

እናቷ

መጋቢት 14

ለአንቺ፣

ሻርፕሽን ስላረጠብኩት ይቅርታ። "አንቺ" ማለትሽን ወድጄዋለሁ፤ ያኔ በእንቅልፍ ልቤ ብሆንም ትከሻሽን ሳላገኘው አልቀረሁም።

ሲቆጨኝ የነበረውን ቀድሜ ልናገር። ውጤቷን ባየሁ ቀን ቢሮዬ ጠርቼ "ለእናትሽ አብረን እንንገራት" ልላት ይገባኝ ነበር። አላልኳትም። ምክንያቱ ደንቡ ነው ብዬ ጽፌልሽ ነበር። ደንቡ አለ። ግን እኔ ብቻ የማውቀው ነገር መኖሩ ደስ ብሎኝም ነበር።

ጆሮዬ ላይ ያለችኝ ይህን ነው፦ "እባክሽ እዚህ አታልቅሺ፤ እማዬ ታይሻለች፣ ትደነግጣለች።" ስታቅፈኝ የእኔ ጊዜ መጣ ብዬ ነበር። ለእኔ ሹክ ያለችው ነገር ውስጥም ያለሽው አንቺ ነሽ።

መጣች። ካንቺ ጋር ባወራ ቃሌ ስለሚዘባረቅ ስልኩን ያነሣውን ወንድሟን "ገብታለች በላት" ብዬው ነበር፤ አድርሶልሻል ብዬ አምናለሁ። ሰኞ ጠዋት ቢሮዬን ስከፍት በሩ አጠገብ ቆማ አገኘኋት፤ ካፖርቷ ብስኩት ብስኩት ይሸታል። ልስማት ስጠጋ "ደህና አደሩ?" አለችኝ።

እርስዎ ብላ።

ወንበሬን ስቤ ተቀመጥኩ። "ኬሚስትሪውን ደግሜ ለመውሰድ ማመልከት እፈልጋለሁ፤ ማንን ነው የማናግረው?" አለችኝ። "የክፍሉን ኃላፊ፤ አብሬሽ ልምጣ?" አልኳት። "ቢሮው የቱ ጋ እንደሆነ ብቻ ይንገሩኝ" አለች። ነገርኳት። ኮሪደሩ መጨረሻ ድረስ በዓይኔ ሸኘኋት፤ ከዚያ ሌላ ተማሪ አስገባሁና በሩን ዘጋሁ፤ ተማሪው ያለኝን አንድም አልሰማሁም።

ተፈቅዶላታል። አንድ ከፍ ያለ ክፍል ተማሪ ያስጠናታል። እሑድ እሑድ ቤቴ አትመጣም፤ ከሁለት ጓደኞቿ ጋር ቤተ መጻሕፍት ነው የምታጠናው። ዶክተር መሆን አለመሆኗን አልወሰነችም፤ ባትጠይቂያት ጥሩ ነው።

አንድ ነገር አስገድዳናለች። ስለ እሷ መጻጻፋችንን እንድናቆም ትፈልጋለች። "ሁለታችሁ ጓደኛ ከሆናችሁ ደስ ይለኛል፤ ግን በሌላ ወሬ" ነው ያለችው። ለአንቺም እንድነግርሽ ቃል ገብቻለሁ። ስለዚህ ስለ ልጅሽ የምጽፍልሽ የመጨረሻው ደብዳቤ ይህ ነው።

ስለ ሌላ ነገር ምን እንደምንጽፍ አላውቅም። ጉልበቴን ያመኛል፤ ከእሱ ልጀምር ይሆናል።

አማካሪዋ ያልሆንኩት፣ እኔው

ሐምሌ 6

ለአንቺ፣

እንደምን ከረምሽ? ጉልበትሽ ከደረጃው ጋር ታረቀልሽ? ሐኪሙ ያለሽን ትተሽ ጎረቤትሽ ያለችሽን ቅባት እየተቀባሽ እንደሆነ ከጽሑፍሽ ገብቶኛል።

ላስቲክ ያለውን አንሶላ እንዴት ነው የምታጥፊው ብለሽ ላቀረብሽው ጥያቄ በደብዳቤ መመለስ አልችልም። ጀምሬው ነበር፤ "አራተኛውን ጫፍ" ስል ራሴው ጠፋኝ። ክረምቱ ሳይወጣ ነይና አሳይሻለሁ። አልጋ አለ። ወንድምዬው ወለል ላይ ይተኛል፤ ይወዳል።

እስካሁን ቃሌን ጠብቄያለሁ። በአራት ደብዳቤ ስለ እሷ አንዲት ቃል አልጻፍኩም። ሳል ይዟት እንደሆነ እንኳ አልጠየቅሁሽም። ዛሬ ግን አፈርሰዋለሁ፤ ከፈለግሽ ፍረጂብኝ።

ማክሰኞ ምሳ ይዤለት ጎማ ቤቱ ሄድኩ። አባቷ ከመነዳሪ፣ የውስጡን ጎማ፣ ውኃ ውስጥ እየዘፈቀ ቀዳዳ ይፈልጋል፤ ያፏጫል። አንድ ባለ መኪና ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ይጠብቃል። ሲያየኝ ተነሥቶ "እንኳን ደስ ያለዎት!" አለኝ።

"በምን?"

"ልጅዎ ኬሚስትሪውን አለፈች አይደል እንዴ!"

ዞሬ አባቷን አየሁት። ማፏጨቱን አቁሞ ውኃው ላይ አቀርቅሯል።

"መቼ ነው የነገረችህ?" አልኩት።

"ዓርብ።"

"ዛሬ እኮ ማክሰኞ ነው!"

"'ለማንም አትንገር አባዬ፤ ለሁለቱም እኔው ራሴ እነግራቸዋለሁ' አለችኝ።"

"ለዚህ ሰውዬ ነግረህ የለ?"

"እሱማ ሰው አይደለም፤ ጎማ ሊያስነፋ የመጣ ነው።"

ሰውዬው ሳቀ። እኔ ምሳውን ድንጋዩ ላይ አስቀመጥኩት። "ለምን ላንተ? ከሁላችን ለምን ላንተ ነገረች?" አልኩት።

ጎማውን ከውኃው አወጣ፤ እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ። "እኔ እንጃ" አለኝ። "አልጠየቅኋትማ።"

ማታ ራሷ ደወለችልኝ። "እማዬ፣ አለፍኩ!" ስትል ገና እንደሰማሁ ሆኜ "እሰይ!" ብዬ ጮህኩ፤ አባቷ ወደ ጓሮ ወጣ። "አቤት ዶክተሬ" ከምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ዋጥኩት። "ጎበዝ የኔ ልጅ" ብቻ አልኳት። ሌላ ሌላ ወሬ እያነሣች፣ ስለ ጓደኞቿ፣ ስለ ምግብ ቤቱ፣ ጫማዋ ስለመበጠሱ፣ ሳልጠይቃት ብዙ አወራችኝ። እንደዚያ ካወራችኝ ቆይታለች።

ላንቺም ነገ እደውላለሁ ብላለች፤ ይህ ወረቀት ሲደርስሽ ነግራሽ ይሆናል። እንዳወቅሽ አታሳውቂባት።

ደስታውስ ደስታ ነው። ግን እኔ ዓመቱን ሙሉ እንቅልፍ አጥቼ፣ አንቺ በጉልበትሽ ስንት ደረጃ ወጥተሽ ወርደሽ፣ እሱ ጎማ ሲነፋ ከርሞ ቀድሞ ሰማ። እሱ አሁንም እያፏጨ ነው።

ተናድጃለሁ። አንቺም ተናደጂልኝ፤ ብቻዬን አልችለውም።

እኔው